ድምፅ ይሰፉ የነበሩት እትዬ አንጓች

የዕድራችን ጥሩምባ ነፊ በሰፈራችን ያለፈው ጧት፣ ጭጋጉ ገና ሳይገፈፍ ነው። ስም ከመጥራቱ በፊት ጥሩምባውን ረዘም አድርጎ ነፋ፤ እኔም ማን ይሆን ብዬ ከማሰቤ በፊት በዓይኔ ውስጥ አንድ ቢጫ ነገር ሾልኮ አለፈ። ይህን አመል ያስያዙኝ እትዬ አንጓች ናቸው። «ጥሩምባ ጥቁር ነው የሚል ሰው ጥሩምባ ሰምቶ አያውቅም» ይሉ ነበር። «ቢጫ ነው፤ ጫፉ የሾለ ቢጫ። ጥቁሩ ነፊው አፉን ሲያነሣ የሚመጣው ዝምታ ነው።» ነፊው አፉን አነሣ። ከዚያ የጠራው ስም የእርሳቸው ነበር።

መደንገጥ አልነበረብኝም፤ ታመው ከርመዋል። ቢሆንም ነጠላዬን አዘቅዝቄ ከመልበሴ በፊት አልጋው ጠርዝ ላይ ጥቂት ተቀመጥሁ።

ፍኖተ ሰላም ውስጥ በአንድ አጥር ተጎራብተን ዕድሜያችንን ፈጅተናል። እርሳቸው በብዙ ይበልጡኛል። የመጡት ከቡሬ ወዲያ ካለ ገጠር ነው፤ እናታቸው አዊ ስለነበሩ ሲቆጥሩና ሲቆጡ በአገውኛ ነበር፤ ሌላውን ሁሉ በአማርኛ። መተዳደሪያቸው ስፌት ነው። ሰፌድ፣ ሞሰብ፣ አገልግል እየሰፉ ገበያ ያወጣሉ። ቀጭን፣ ረጅም፣ እጃቸው ላይ ያለችውን ወስፌ የመሰሉ ሴት ነበሩ፤ ምላሳቸውም እንደዚያችው ወስፌ ነው።

ባላቸው ቀድመው ሞተው የቀረቻቸው አንዲት ልጅ ነበረች፣ ትርንጎ። ቡሬ ከአንድ እህል ነጋዴ ዘንድ ተቀጥራ ትሠራና ቅዳሜ ከሰዓት እናቷን ለማየት ትመጣለች። ስትመጣ በር አታንኳኳም። ገና ከመንገዱ መታጠፊያ ላይ ሆና «እምዬ!» ብላ ትጣራለች፤ እናትዮዋም ሰፌዱን ከጭናቸው አውርደው ይነሣሉ። አንድ ቅዳሜ የተሳፈረችበት መኪና መንገድ ላይ ተገለበጠ፤ ጥሪውም ቀረ። ያኔ በየሰው ኪስ ስልክ አልነበረም። የትርንጎ ፎቶግራፍ አለ፤ ድምፅዋን ግን ማንም አልቀዳውም።

ስለራሴ ብዙ የምለው የለኝም። አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሼ ስልክ ቤት ኦፕሬተር ሆኜ ገባሁ፤ ሰውን ከሰው በእጅ ማገናኘት እስኪቀር ድረስም ሽቦ ስሰካና ስነቅል ኖርሁ። ትርንጎ አልፎ አልፎ ከቡሬ ስትደውል እናቷ ስልክ ቤት መጥተው ይጠብቃሉ። ድምፅዋ ግን መጀመሪያ የሚገባው በኔ ጆሮ ነው። «ከወለድኋት ቀድመሽ ትሰሚያታለሽ» እያሉ ይቀኑብኝ ነበር፤ ግማሹ ቀልድ ነው፤ ግማሹ አይደለም።

በዚያው ስልክ ቤት ሳሉ ነው አንድ ቀን ትክ ብለው አይተውኝ፣ «የአንች ድምፅ ያልተነከረ ስንደዶ ነው» ያሉኝ።

«ምን ማለት ነው እትዬ?»

«ሣር። ቀለም አልነካውም። ከመስክ እንደታጨደ።»

ሌላ ሰው ቢለኝ እቀየም ነበር። እርሳቸው ግን እውነት ነው የተናገሩት፤ ድምፄን ከፍ አድርጌ የተናገርሁበትን ቀን አላስታውስም።

ትርንጎ ከሞተች ከዓመታት በኋላ ጆሮአቸው እየደከመ መጣ። መጀመሪያ ወፎች ጠፉባቸው። ቀጥሎ ዝናብ። ጧት በር ከፍተው እርጥቡን መሬት አይተው «ዛሬ ሌሊት ዘንቧል እንዴ?» ብለው በአጥር ሲጠይቁኝ ነው የገባኝ፤ ሌሊቱን ቆርቆሮው ሲደበደብ ነው ያደረው። ሐኪም አይቷቸው የሚሠራለት ነገር የለም አለ። እርሳቸው «መስማት ተሳነኝ» አላሉም። «ድምፅ እየጨለመብኝ ነው» ነው ያሉት።

ከዚያ በኋላ አንድ ከሰዓት በአጥሩ ጠሩኝ። ቤታቸው ስገባ ግድግዳው ላይ አዳዲስ ሰፌዶች ተሰቅለዋል። አንዱን አውርደው ጭኔ ላይ አስቀመጡና ጣቴን ይዘው እምብርቱ ላይ አደረጉት። ሰፌድ ከእምብርቱ ተነሥቶ እየዞረ እየሰፋ ነው የሚሠራ፤ የተሰፋበትን መንገድ በጣት መከተል ይቻላል።

«ከዚህ ጀምረሽ ዙሪ። አትቸኩይ። ምንድን ነው ይኸ?»

ጥቃቅን ጥቁር አራት ማዕዘኖች ናቸው፤ ተጠጋግተው ይሄዳሉ፤ በመካከላቸው ቀጭን ነጭ አለ። አልፎ አልፎ አንድ ቀይ ነገር ተንጋዶ ይገባል።

«አለላ አልቆብዎት ይመስለኛል» አልሁ። አለላ የምንለው የተነከረውን ሣር ነው።

አፌን አይተው ሳቁ። «ደንቆሮዋ እኔ መስሎኝ ነበር። እንደገና ዙሪ።»

እንደገና ዞርሁ። በሁለተኛው ዙር ጣቴ ጥቁሩን እየረገጠ ሲሄድ ደረቴ ላይ አንድ ነገር መታኝ። ዱግ፣ ዱግ፣ ዱግ። የሰፈራችን ወፍጮ ቤት። ቀዩም የሞተሩ ቀበቶ ሲንሸራተት የሚያሰማው ጩኸት ነው። ቀና ስል ፊቴን አይተው መልሱን አልጠበቁም፤ ሌላውን አወረዱ። ያኛው እምብርቱ ላይ ጥቂት ነጭ ጠብታ ብቻ ነው፤ እየሰፋ ሲሄድ ጠብታው ይበዛል፤ ጠርዙ ላይ ሁሉም ነጭ ሆኖ ይገጥማል። ዝናብ በቆርቆሮ ላይ። ሦስተኛው ሐምራዊ ቀለበት ነው፤ ወደ ውጭ በወጣ ቁጥር እየሳሳ ይሄዳል። በዚያው እየደከመ በሄደ የቀለም ውኃ ሣሩን በተራ በተራ ስለነከሩት፣ የመጨረሻው ቀለበት ሐምራዊ ለመሆኑ እንኳ ያጠራጥራል። ምንነቱን አልጠየቁኝም። የቤተ ክርስቲያኑ ደወል ሲያባራ እንዲያ ነው የሚሆነው።

«ከመሄዳቸው በፊት እየያዝኋቸው ነው» አሉ።

ሰፈሩ ግን ይህን እንደ እጅ መበላሸት ነው የቆጠረው። ባለሙያ ሴት አለላዋን ቆጥራ ትሰካለች፤ ጥለቱ ዞሮ ሲመጣ ልክ ከተነሣበት ይገጥማል። ያልገጠመ ጥለት ለሰፊዋ ነውር ነው፤ ሰው ቤት ሲገባ ወደ ጓዳ የሚወሰድ። የዚህ ሙያ ዳኛችን ፈንታነሽ ነበረች፤ የትርንጎ የክርስትና እናት ናት። የእርሷ ሰፌድ እንደ ቤተ ክርስቲያን መስኮት የተስተካከለ ነው። ደግ ሴት ናት፤ አፏ ግን አያርፍም።

አንድ ቀን ፀሐይ ላይ ተቀምጠን ሳለ፣ «እትዬ፣ ይህን ገበያ ቢያወጡት እኮ ገዥው ጠማማውን ያቃኑልኝ ብሎ ይመልስብዎታል» አለቻቸው።

እትዬ አንጓች ከከንፈሯ አነበቡ። «ይኸኛው?» አሉና ቀይና አረንጓዴ ተፋፍገው የሚጋጩበትን አንድ ሰፌድ አነሡ። «ይኸማ አንች ነሽ። ስትናገሪ እንዲህ ነሽ። ክፍት ቦታ ፈልጌ አጣሁ።»

ሴቶቹ ሁሉ ሳቁ፤ ፈንታነሽም ሳቀች። «ይኸንንማ ሳይሰሙኝ ነው የሰፉት» አለች።

«ስሰማሽ የኖርሁት አይበቃም?»

ዋናውን ሰፌድ ያሳዩኝ ግን ለብቻዬ ነው። በነጠላ ጠቅልለው አልጋ ሥር ያስቀምጡት ነበር። እምብርቱ ደማቅ ቀይ ነው፤ ወዲያው ወደ ቢጫ ይዘላል፤ ቢጫው ወደ ጎን ይሳባል፣ እየቀጠነ፣ እንደ ምላስ እየተወዛወዘ። ከዚያ ይቋረጣል። ጥቂት ባዶ ስንደዶ። ከዚያ እንደገና ቀይ። ሁለት ዙር እንኳ ሳልሄድ ጣቴን አነሣሁ።

«ዐወቅሻት» አሉ።

ራሴን ነቀነቅሁ።

«ይኸኛው እንደሌላው አይደለም። ወፍጮው ከጆሮዬ ቢጠፋ አንች ትሰሚዋለሽ። እርሷ ግን ያለችው እዚህ ብቻ ነው» ብለው ግንባራቸውን ነኩ። «ጆሮዬ በተዘጋ ቁጥር ይህም አብሮ እየተዘጋ ነው። ሳይዘጋ ካልጨረስኋት ሁለተኛ ትሞትብኛለች። ለማንም እንዳትነግሪ። ሙት ትስባለች ይሉኛል፤ ከቤተ ክርስቲያንም ያስወጡኛል።»

በቀን የሚሰፉት ከጣት አይበልጥም። ዓይናቸውን ጨፍነው ይቆያሉ፤ ከዚያ አለላ ይመርጣሉ፤ ከዚያ ይሰካሉ። አንዳንዴ የሰኩትን መልሰው ይነቅላሉ። ሲጀመር ክረምት ነበር፤ መስቀል አልፎ፣ ገና አልፎ፣ ወደ ጠርዙ እየቀረቡ ሳለ ታመሙ። ሳንባቸው ነው። ባሕር ዳር ሪፈር ተባሉና እኔ አስታማሚ ሆኜ አብሬ ሄድሁ። ሰፌዱ አልጋ ሥር ቀረ።

በኛ ሰፈር አንዲት ሴት ታማ ከቤቷ ስትወጣ ጎረቤት ጅምር ሥራዋን ይጨርስላታል። የተፈተለው ሳይጠቀለል፣ የተጀመረው ስፌት ሳይዘጋ ከቆየ በሽተኛዋ ሙሉ ሆና አትመለስም ይባላል። እኔም ለሌሎች አድርጌዋለሁ። ባሕር ዳር ሳለን ግን ሐሳቤ ሁሉ ኦክስጅኑ ላይ ነበር፤ ቤት የቀረው ትዝ አላለኝም፤ ትዝ ቢለኝም በስልክ ምን ብዬ ልናገር፣ አትንገሪ ተብያለሁ።

ድነው ስንመለስ ሴቶቹ በር ላይ በእልልታ ተቀበሉን። እልልታውን እርሳቸው አልሰሙም፤ አፎቹን አይተው ፈገግ አሉ። ቤቱ ተለቅልቋል፤ ጠላ ተጠምቋል። ከበሩ ትይዩ፣ ማንም ሲገባ በሚያየው ቦታ፣ ሰፌዱ ተሰቅሏል። ቀይ ኮከብ አለው፤ በኮከቡ ክንዶች መካከል አረንጓዴ ገብቷል፤ ጠርዙ በሐምራዊ ተዘግቷል። ከሰፈራችን ከወጡ ሰፌዶች ሁሉ እንደዚያ ያማረ አላየሁም።

ፈንታነሽ እርሳቸው አፏን እንዲያዩት ጠጋ ብላ ቀስ አድርጋ ተናገረች። «ጅምርዎን ጨረስንልዎ። ከሥር ፈትተን ነው የሠራነው፤ እምብርቷን ብቻ ትተናታል። ሕመሙ እጅዎን እንዳሳተዎት ዐይተን፣ ጠማማውን ለሰው ዓይን አንተወውም አልን። ገመናዎ ገመናችን ነው።»

እትዬ አንጓች ሰፌዱን አስወርደው ተቀበሉ። ጣታቸው ከእምብርቱ ተነሣ፤ ትንሽ ዞረ፤ ኮከቡ ሲጀምር ቆመ። እንደቆመ ቆየ። ከዚያ ቀና ብለው «እጃችሁ ይባረክ። ምነው ይህን ያህል ለኔ ደከማችሁ» አሉ፤ ፈንታነሽንም ሳሟት። ሁሉም ደስ አላቸው፤ ጠላ ተቀዳ። ጣታቸው የቆመበትን ቦታ ያየሁት እኔ ብቻ ነኝ።

ሰው ሲበተን «ምነው አልነገሯቸውም?» አልኋቸው።

«ምን ልበላቸው? ጣታቸው እስኪቆስል ለኔ ብለው ሰፍተዋል። ልጄን ገደላችሁብኝ ልበል?» ሰፌዱን ገልብጠው ጀርባውን አዩ። «ያ ሁሉ የፈቱት አለላ የት ገባ?»

እሳት ውስጥ ገብቷል። ቤቱ ሲጸዳ ተቃጥሏል።

በሚቀጥለው ሳምንት ኮከቡን በራሳቸው እጅ ፈቱት። እምብርቱ ብቻ ቀረ፤ ከመዳፍ የማይበልጥ ክብ። እንደገና ለመስፋት ዓይናቸውን ጨፈኑ። አለላ አልመረጡም። በነጋታውም እንዲሁ። ቀን ቀን እየሄድሁ እቀመጣለሁ፤ ወስፌው በእጃቸው፣ እጃቸው በጭናቸው።

«ጠፋችብኝ» አሉኝ በመጨረሻ። «በሕልሜ ትመጣለች። በሩ ላይ ቆማ አፏን ትከፍታለች። ድምፅ የላትም። ከባሕር ዳር ወዲህ ድምፅ የላትም።»

«አንች ሰምተሻታል» አሉ። «በሽቦም ሰምተሻታል፣ በአጥርም ሰምተሻታል። ጥሪኝ።»

«እኔ?»

«እንደርሷ ሆነሽ ጥሪኝ። እጄን እዚህ አደርጋለሁ።» መዳፋቸውን ጉሮሮዬ ላይ አደረጉ። ቀዝቃዛና ሻካራ ነበር፤ የወስፌው ጠባሳ ይታወቀኛል።

አፈርሁ። በጠራራ ፀሐይ፣ በሰው ግቢ ውስጥ መጣራት የኔ ሥራ አልነበረም። «እምዬ» አልሁ።

«ይኸ አንች ነሽ። አንችን መቼ ጠራሁ?»

እንደገና አልሁ። ራሳቸውን ነቀነቁ። እንደገና። «አሁንም ታፍሪያለሽ። ያልተነከረ ነው ያልሁሽ ለዚሁ ነው፤ ያልተነከረ የፈለጉትን ቀለም ይይዛል። ራስሽን ተይውና እርሷን አስገቢያት።»

ዓይኔን ጨፈንሁ። ጆሮዬ ላይ ማዳመጫውን እንዳደረግሁ፣ ከቡሬ መስመሩ ሲንሿሿ፣ ከዚያ ውስጥ እርሷ ስትወጣ አሰብሁ። ሁልጊዜ ከመናገሯ በፊት ትንሽ ትስቅ ነበር፤ ሳቁ ነው ድምፁን ወደ ላይ የሚጥለው። ያንን ሳቅ በጉሮሮዬ ጀመርሁ። ከዚያ የወጣውን ጥሪ እኔ አልጠራሁትም።

«እምዬ!»

መዳፋቸው እሳት እንደነካው ከጉሮሮዬ ተነሣ። መልሰው አደረጉት። «ድገሚው» አሉ። ደገምሁት። አንድ እጃቸው ጉሮሮዬ ላይ እንዳለ ሌላው ወደ አለላው ሄደና ያለ ምርጫ ቢጫውን አወጣ።

ፈንታነሽ በአጥሩ በር የገባችው ያኔ ነው። ነጠላዋ መሬት ይጎተታል፤ ፊቷ ዐመድ መስሏል። እያማተበች ነበር።

«ማን ነው የጠራ?» አለችኝ። «በእመቤቴ፣ ማን ነው የጠራ?»

«እኔ ነኝ» አልሁ፤ በራሴ ድምፅ።

እኔን አየች፤ ጉሮሮዬ ላይ ያለውን እጅ አየች። ከዚያ እትዬ አንጓች ጭን ላይ የተፈታውን ሰፌድ፣ ቀዩን እምብርት፣ ከእርሱ ሊዘል የተዘጋጀውን ቢጫ አየች። ያቺን ጠማማ ነገር ከሁላችንም በላይ የምታውቃት እርሷ ናት፤ ክር በክር የፈታቻት እርሷ ናትና። ሲገባት አየሁ። አፏን ይዛ ቆመች። እትዬ አንጓች ቀና ብለው አዩዋትና በዓይናቸው አጠገባቸው ያለውን ቦታ አሳዩዋት። ተቀመጠች። ይቅርታ አልጠየቀችም፤ እርሳቸውም አልጠበቁም። አለላውን በየቀለሙ ለየችና እጃቸው ሲዘረጋ አንድ በአንድ ታቀብል ጀመር። የትኛው ከየትኛው ቀጥሎ እንደነበር ታስታውስ ነበር። አንድ ጊዜ እትዬ አንጓች እጃቸውን ወደ ቢጫው ሲዘረጉ እርሷ ባዶ ስንደዶ ሰጠቻቸው። አዩት፤ ተቀበሉት።

እንዲህ ሆነን፣ አንዷ ጉሮሮ፣ አንዷ እጅ፣ አንዷ ትዝታ ሆነን ጨረስነው። ጠርዙ የተዘጋ ቀን እትዬ አንጓች ከእምብርቱ እስከ ጠርዙ በጣታቸው ዞሩ፤ ከንፈራቸው አብሮ ይንቀሳቀስ ነበር። «አለች» አሉ።

እኔ ግን ከዚያ ወዲህ ሰላም የለኝም። ዶሮ ስጠራ፣ ባጃጅ ሳስቆም፣ አንዳንዴ ከአፌ የሚወጣው የኔ አይደለም። ስለዚህ ከበፊቱ ይልቅ ዝም አልሁ። ሌላም አለ፤ ለእርሳቸው ያልነገርኋቸው። ያ ሰፌድ የትርንጎ ድምፅ መሆኑን እኔ እርግጠኛ አይደለሁም። የሰፉት ከኔ ጉሮሮ ነው። ምናልባት ሁላችንም ተስማምተን አንዲት ልጅ ፈጥረን ይሆናል፤ እውነተኛዋ በእሳቱ ውስጥ ቀርታ። እትዬ አንጓች በየቀኑ ጣታቸውን ሲያዞሩ ባየሁ ቁጥር ይህ ሐሳብ ይመጣብኛል፤ እስኪሞቱም ድረስ አልለቀቀኝም።

የቀብራቸው ዕለት ከቤተ ክርስቲያን ተመልሰን ድንኳኑ ፊት ለቅሶ ተጀመረ። ከቡሬ በኩል ካለው ገጠርም ብዙ ሰው መጥቷል። እንደ ወጉ የሟች ልብስና ፎቶግራፍ ተይዞ ወጣ፤ አልቃሿ ግጥም አወረደች፤ ሰው ደረቱን መታ። ትርንጎ የለችም፣ ወንድ ልጅ የለም፣ «እናቴ» ብሎ የሚያለቅስ አንድም ሰው የለም። ይህ ሲታወቅ ለቅሶው ራሱ እየቀዘቀዘ ሄደ።

ፈንታነሽ ወደ ቤት ገብታ ሰፌዱን ይዛ ወጣች። በሰው መካከል አልፋ እኔ ፊት ቆመች።

«ልጃቸው ሳትጠራቸው አይሄዱም» አለችኝ። «ጥሪላት።»

«አንች፣ በዚህ ሁሉ ሰው ፊት?»

«ጥሪላት።»

በዕድሜዬ ለቅሶ ላይ ድምፄን አሰምቼ አላውቅም። ጣቴን እምብርቱ ላይ አደረግሁ፤ ቀዩን ተከተልሁ፤ ትንሿ ሳቅ በጉሮሮዬ መጣች። ጠራሁ።

«እምዬ!»

አልቃሿ ዝም አለች። ሰው ሁሉ ዝም አለ። በዚያ ዝምታ ውስጥ፣ ከድንኳኑ ጥግ፣ ከገጠር ከመጡት መካከል የተቀመጡ አንዲት አሮጊት ሳያስቡት «ወዬ» አሉ፤ ተነሥተውም ወደ መንገዱ ዞረው ተመለከቱ። ልጃቸው የጠራቻቸው መስሏቸው ነው። መንገዱ ላይ ማንም አልነበረም። ቀስ ብለው ተቀመጡና ነጠላቸውን ፊታቸው ላይ ሳቡ። የሳቀ ሰው የለም። የማን እናት እንደሆኑ አላወቅሁም፤ ልጠይቅም አልፈለግሁም።